ጧሪ ያላቸው፣ ጠያቂ የሌላቸው፦ የአረጋውያን ጥየቃ በኮዬ ፈጬ

የአረጋውያን ጥየቃ በጎ ፈቃድ ማለት አንድ ሰው ብቻቸውን የሚኖሩ ወይም ቀኑን ብቻቸውን የሚውሉ አዛውንትን በታወቀ ቀንና ሰዓት፣ ያለ ክፍያ፣ እየተመላለሰ የሚያጫውትበት አገልግሎት ነው። ከምጽዋት የሚለየው በእጅ የሚያዘው ነገር ዋና ጉዳዩ ባለመሆኑ ሲሆን፣ ከአስታማሚነት የሚለየው ደግሞ የሚጠየቁት ሰው የግድ በሽተኛ መሆን ስለሌለባቸው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በጎ ፈቃድ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የክረምቱ ዘመቻ፣ ማለትም ያዘመመ ቤት ማደስ፣ ማዕድ ማጋራት፣ ችግኝ መትከልና ደም መለገስ በመሆኑ፣ ይህኛው ዘርፍ እምብዛም አይወራለትም፤ በከተማዋ ዳርቻ ባሉት የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች ግን ከሌሎቹ ይልቅ የሚያስፈልገው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከእነዚህ ሰፈሮች ትልልቅ ከሚባሉት አንዱ ኮዬ ፈጬ ነው። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ቀድሞ የገበሬ ማሳ በነበረ መሬት ላይ የተገነባው ይህ ሳይት የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ዕጣ ከወጣባቸው የኮንዶሚኒየም ሳይቶች ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ዕጣው ያስነሳው የወሰን ውዝግብ ስሙን በመላ አገሪቱ አሰምቶታል። በእንዲህ ያሉ ሳይቶች የሚሠራበት 20/80 የሚባለው መርሐ ግብር ቤት ፈላጊው የዋጋውን 20 በመቶ አስቀድሞ ከፍሎ ቀሪውን 80 በመቶ በባንክ ብድር የሚሸፍንበት አሠራር ነው፤ ዕጣው የሚወስነው ግን ቤት መድረሱን ብቻ ሳይሆን ሳይቱን፣ ብሎኩንና ፎቁንም ጭምር በመሆኑ፣ መርካቶ ወይም ካዛንቺስ አርጅተው የነበሩ እናት ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ማንንም በማያውቁበት ብሎክ ራሳቸውን ሊያገኙ ይችላሉ። በቀድሞው የቀበሌ ቤት ግቢ ማድ ቤቱም መጸዳጃ ቤቱም የጋራ ስለነበር ጎረቤት ሳይፈልግም ይተያይ ነበር፤ አንዷ ረፋዱ ላይ በሯን ሳትከፍት ብትቀር ሌላዋ ሄዳ ታንኳኳለች። ኮንዶሚኒየሙ የራስ ውኃና የራስ መጸዳጃ ሰጥቶ ይህን ማንም ያላቀደውን ጥበቃ ወስዷል። ለድግስና ለለቅሶ ተብሎ የተሠራው ኮሚናል፣ ማለትም የነዋሪዎች የጋራ መገልገያ ሕንፃ፣ ደረጃው ለከበዳቸው ሰው ሌላ አገር እንዳለ ያህል ነው። መሬታቸው ለግንባታ የተወሰደባቸው ነባር የኦሮሞ ገበሬዎች በበኩላቸው ከቀያቸው ሳይርቁ እንግዳ ሆነዋል፤ እነሱን የሚጠይቅ ወጣት ኦሮምኛ ካልቻለ ጨዋታው ከሰላምታ አያልፍም።

የእርዳታ መዝገቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ጧሪ ቀባሪ የሌላቸውን፣ ማለትም በሕይወት ሳሉ የሚረዳቸው፣ ሲሞቱም የሚቀብራቸው ዘመድ ያጡትን አረጋውያን ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዝዛል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ ቀለብ ሲባልም ምግብ ብቻ ሳይሆን ለኑሮና ለጤና የሚያስፈልገውን ያጠቃልላል። ሁለቱም ሕጎች ግን አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ሊያስገኙ አይችሉም። ዱባይ ወይም ቤይሩት ሆና በየወሩ ገንዘብ የምትልክ ልጅ ያለቻቸው እናት በማንኛውም መስፈርት ጧሪ አላቸው፤ በመሆኑም ስማቸው ከችግረኞች መዝገብ አይገባም፤ ሳምንቱን ሙሉ ግን ከቴሌቪዥኑ በቀር የሰው ድምፅ ላይሰሙ ይችላሉ። ብቸኝነት በድህነት መለኪያ ሲፈለግ አይገኝም፤ ከመዝገብ ይልቅ በደረጃ ወጥቶ በር የሚያንኳኳ ሰው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

በአገሪቱ በዚህ መስክ ስሙ የገነነው ተቋም ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. በወላጆቻቸው ቤት የጀመሩትና ኋላ ላይ አያት አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያስጠለለው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሲሆን፣ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» በሚለው መርሑ ይታወቃል። ልደታቸውን ወይም ሠርጋቸውን እዚያ አክብረው፣ ምሳ አብልተው የሚመለሱ ብዙዎች ናቸው። ደግ ልማድ ነው፤ ሆኖም አንድ ቀን ውሎ የሚሄድ እንግዳ የአንዱንም አዛውንት ስም ሳይዝ ሊመለስ ይችላል፤ ደግሞም ማዕከሉ በዋናነት የሚያነሣው በየመንገዱ የወደቁትን በመሆኑ፣ የራሳቸው ቤትና ቁልፍ ያላቸው የኮዬ ፈጬ አረጋውያን ወደዚያ የሚሄዱ አይደሉም።

ጥየቃው ራሱ ብዙም ውስብስብ አይደለም። ወጣቱ «እማማ» ወይም «አባባ» ብሎ ይገባል፤ በስማቸው ላይ እትዬ ወይም ጋሼ ተጨምሮ መጠራትን የሚመርጡም አሉ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ብሎክ ጄሪካን ይዞ ይወጣል፣ የደም ግፊቱንና የስኳሩን ኪኒን ማሸጊያ አንብቦ የጠዋቱን ከማታው ይለያል፣ የስልክ ካርድ ይሞላል፣ ውጭ አገር ያለችውን ልጅ በኢሞ ያገናኛል። ይህ ሁሉ መግቢያ ነው፤ ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ ተቀምጦ መስማት፣ ባለፈው ሳምንት የተተረከውንም ታሪክ እንደ አዲስ መስማት ነው። ቡና ከተፈላ በረካው ሳይጠጣ አይነሣም። ዕድሜ ልካቸውን እንግዳ ሲያስተናግዱ የኖሩ ሰው ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ ሲሆኑ ስለሚሸማቀቁ፣ የቀረበለትን ቆሎ «ይቅርብኝ» የሚል ጠያቂ ሳያውቀው ክብራቸውን ይነካል፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ለጿሚ ወተት ይዞ የሚመጣም እንዲሁ።

አገልግሎቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለት ሆኖ መሄድ፣ ከጡረታ ደብተርና ከኤቲኤም ካርድ እጅን መሰብሰብ፣ ሳያስፈቅዱ ፎቶ አለማንሣት የተለመዱ ደንቦች ናቸው፤ ከሁሉም የሚከፋው ግን ለሦስት ወር ተመላልሶ ሳይሰናበቱ መቅረት ነው፤ ምክንያቱም የጥየቃውን ቀን በተስፋ መጠበቅ የለመዱ ሰው ከቀድሞው የባሰ ባዶነት ይሰማቸዋል።

ሐሳቡ በሌላ አገርም የቆየ ነው። በፓሪስ አርማን ማርኪዜ እ.ኤ.አ. በ1946 የመሠረቱት «የድሆች ታናናሽ ወንድሞች» ማኅበር፣ ከጦርነቱ ማግሥት በችግር ላይ ለነበሩ አረጋውያን ከዳቦ በፊት አበባ ማድረስን መርሑ አድርጎ ነበር፤ ይህ ቅንጦት ቢመስልም ኋላ የመጣው ሳይንስ ለማርኪዜ ያደላል። ተመራማሪዋ ጁሊያን ሆልት-ለንስታድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 የ148 ጥናቶችን ውጤት አጠቃልለው፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ50 በመቶ የላቀ መሆኑን አሳይተዋል። ከዚምባብዌ የመጣው ልምድ ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ምባሬ ሰፈር አሮጊቶችን አሠልጥኖ፣ ጭንቀት የበረታባቸውን ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዲያደምጡ አድርጓል።

ኮዬ ፈጬ ላይ ለዚህ ሥራ አዲስ ድርጅት ማቋቋም የግድ አይደለም። እድር፣ ማለትም አባላት በየወሩ እያዋጡ በሞት ጊዜ ድንኳን፣ ዕቃና ገንዘብ የሚያገኙበት የጎረቤት ማኅበር፣ በየትኛው ቤት ማን እንዳለ ያውቃል፤ ጉድለቱ የአባሉን ደጅ የሚረግጠው አብዛኛውን ጊዜ ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው። ጉልበቱን በአቅራቢያው ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሊሰጡ ይችላሉ፤ ተማሪ ግን በፈተና ሰሞንና በዕረፍት ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ተተኪውን ይዞ ሁለት ሦስት ጊዜ አብሮ መምጣት ይኖርበታል፤ በዝናቡና በጭቃው ምክንያት አዛውንቱ ጨርሶ ከቤት የማይወጡባቸውን ሐምሌና ነሐሴን ደግሞ በዚያው ብሎክ የሚኖር የእድር አባል ቢሸፍናቸው ይመረጣል።