ስለ ፀሐይ ሰሌዳ አተካከል፤ ብርድና በረዶ ባለበት አገር

በገበያ ሶላር የሚባለው ሰሌዳ የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ከሲሊኮን የተሠራው ዓይነት በ1946 ዓ.ም. በአሜሪካ በቤል የምርምር ቤት ለሕዝብ ታየ። በአገራችንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ሚቶ በምትባል መንደር ለ300 ያህል ቤቶች ብርሃን የሚሰጥ ተተክሎ፥ በኋላም ሰፍቶ ለእህል ወፍጮና ለውሃ መሳቢያ እንዲበቃ ተደርጓል። አሁን ይህን የምንጽፈው የመንደሩ ሰው አዋጥቶ የገዛው ሰሌዳ በአተካከል ጉድለት ከንቱ እንዳይቀር ነው።

መምህሩ የሕዝቡን መዋጮ ይዞ መርካቶ ወርዶ ሰሌዳ ሲገዛ፥ ከዕቃው ጋራ የአተካከሉን ነገር የሚገልጽ ወረቀት ያገኛል። ወረቀቱም ብዙ ጊዜ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ፥ ዐመዳይ የሚወርድበትንም አገር ያሰበ ነው። እዚህ ላይ ቃሉን መለየት ያስፈልጋል። ግእዝ በረድንና ሐመዳን ይለያል፤ በረድ እንደ ጠጠር ሆኖ የሚወድቀው፥ ሐመዳ ግን እንደ ባዘቶ ቀስ ብሎ የሚወርደው ነው። በዛሬው ንግግር ሁለቱንም በረዶ ብለን ስለምንጠራቸው፥ ለአንዱ የተጻፈውን ምክር ለሌላው እናደርገዋለን።

እንደ ኖርዌይ ባለው አገር በብርዱ ወራት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ፥ ዐመዳዩም ሰሌዳውን ለብዙ ቀን ሊሸፍነው ስለሚችል፥ 45 ዲግሪና ከዚያም በላይ አቁመው ይተክሉታል፤ ዐመዳዩም በራሱ ክብደት ተንሸራቶ ይወርዳል። በእኛ አገር ዐመዳይ የሚታየው አልፎ አልፎ እንደ ራስ ደጀን ባለው ከፍተኛ ተራራ ላይ ነው። በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን የሚወርደው በረዶ ግን ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣል። ስለዚህ ሰሌዳውን እንደዚያ ማቆም ጥቅም የለውም፤ ጉዳት ግን አለው።

ጉዳቱ ይህ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ርቃ ስለምትገኝ፥ ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ በቀትር ከአናታችን ትክክል ትሆናለች። በነዚህ መካከል ባለው ወራት በቀትር በስተ ሰሜን፥ በቀረው ወራት በስተ ደቡብ ትውላለች። (መምህሩ በግቢው ዘንግ ተክሎ የቀትሩን ጥላ በየወሩ ተማሪዎቹን ቢያስለካቸው ይህን በዓይናቸው ያዩታል።) እንግዲህ በሰኔ ቀትር ወደ ደቡብ 45 ዲግሪ የቆመ ሰሌዳ፥ በቀጥታ ከሚመጣው ብርሃን የሚቀበለው ፊቱን ለፀሐይ ካቀናው ሰሌዳ ግማሹን ያህል ብቻ ነው፤ 10 ዲግሪ ያዘነበለው ግን ከመቶው 90 ያህሉን ይቀበላል። ሰኔ ደግሞ ደመና የሚበዛበት ወር ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ወደ ደቡብ ዞሮ፥ በየ1 ሜትሩ ርዝመት 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ይበቃል። ፈጽሞ አግድም ማስተኛትም አይገባም፤ ውሃና አቧራ ከጠርዙ ላይ ይተኛበታልና።

በረዶው መስተዋቱን ይሰብረዋል ብለው የሚፈሩ ሽማግሌዎች አሉ። ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነገር ግን በደንብ የተሠራ ሰሌዳ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የበረዶ ድቡልቡል በሰዓት 83 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ተወርውሮበት የተፈተነ ነው። ከጀርባው በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ አይ.ኢ.ሲ. 61215 የሚለውን ምልክት መፈለግ ነው። በሰሌዳው ላይ የተከማቸውን በረዶ በአካፋ መፋቅ ግን ከበረዶው ይልቅ ይጎዳዋል።

ብርድም ጠላቱ አይደለም። ሰሌዳው የሚሞቀው በ1 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ኀይሉ ከመቶ 0.4 ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ብርሃኑ እኩል ከሆነ የደጋው ሰሌዳ ከቈላው ይበልጣል። ብቻ በብርድ ጧት ቮልቱ ከፍ ስለሚል፥ ብዙ ሰሌዳ በተርታ የሚያያዝ ሰው የመቆጣጠሪያውን የቮልት ልክ እንዳያልፍ አስቀድሞ ያስላ።

እኛ እንደሚመስለን ከበረዶ ይልቅ የሚያስፈራው ጥላ ነው። በሲኒማ ራስ አጠገብ ቆሞ ዙሪያውን የተመለከተ ሰው፥ ዝቅተኛ የቆርቆሮ ሱቅና ረጅም ፎቅ ጐን ለጐን ሆነው ያያል። መብራት ሲጠፋ እንዲያገለግለው ሰሌዳ የሚተክል የሱቅ ባለቤት፥ የጎረቤቱ ፎቅ ጥላ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የት የት እንደሚወድቅ ሳይመለከት መትከል አይገባውም። በሰሌዳው ውስጥ ያሉት ክፍሎች በአንድ ገመድ እንደ ታሰሩ በቅሎዎች ናቸው፤ አንዲቱ ስትቆም የቀሩትም ይያዛሉ። በገጠርም የባሕር ዛፍ ጥላ ከፎቅ ጥላ አይሻልም፤ ዛፉም በየዓመቱ ያድጋል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ሰሌዳውን የሚሸከመው ብረት በቆርቆሮው ላይ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ካለው እንጨት ጋራ በብሎን ይታሰር፤ ያለዚያ ነፋስ ክዳኑን ጭምር ይነቅለዋል። ብሎኑ በቆርቆሮው ጉብታ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጐድጓዳ ላይ አይግባ፤ ጎማም ይደረግበት። በሰሌዳውና በክዳኑ መካከል ነፋስ እንዲያልፍ ቢያንስ አንድ ጋት ይተው። የሣር ክዳን ቤት ከሆነ ሰሌዳው በግቢው በጠንካራ ምሰሶ ላይ ይቁም። ክዳኑ በዝናብ ርሶ ሳለ ማንም አይውጣ፤ ተማሪም አይላክ። አቧራውም በየጊዜው ጧት፥ መስተዋቱ ሳይሞቅ፥ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ።