ሰማያዊ ቀለም ስንት ያወጣል?

ድረ ገጽ የሚያሠራ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ ቀለሙን የሚመርጠው ለራሱ ዓይን ደስ ስላለው ነው። ጉግል ግን ምርጫውን ለደንበኞቹ ትቷል። ኩባንያው 41 ዓይነት ሰማያዊ ቀለም አዘጋጅቶ፣ ለ1 በመቶው ተጠቃሚ አንዱን፣ ለሌላው 1 በመቶ ሌላውን እያሳየ፣ የትኛው ማስታወቂያ ይበልጥ እንደሚጫን ቆጠረ። ወደ ሐምራዊ ያደላው ሰማያዊ አሸነፈ። የኩባንያው የብሪታንያ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ዳን ኮብሊ በ2014 እ.ኤ.አ. እንደገለጹት፣ ለውጡ በዓመት 200 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ገቢ አስገኝቷል።

አሠራሩ ያልጣማቸውም ነበሩ። የዲዛይን ኃላፊው ዳግላስ ቦውማን በ2009 እ.ኤ.አ. ሥራቸውን ሲለቁ ካነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የ41 ቀለም ፈተና ነበር።

እንዲህ ያለው ሙከራ እጅግ ብዙ ጎብኚ ይጠይቃል። አነስተኛ ነጋዴ ግን ያለ ብዙ ወጪ የሚያስተካክለው አለ። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ መመዘኛ በመደበኛ ጽሑፍና በመደቡ መካከል ቢያንስ የ4.5 ለ1 የድምቀት ልዩነት እንዲኖር ይጠይቃል። በነጭ መደብ ላይ በቢጫ የተጻፈ ዋጋ ከዚህ እጅግ ያንሳል። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ወንዶችም ጥቂት አይደሉም፤ ስለዚህ «አለ» እና «አልቋል» የሚለው በቀለም ብቻ ሳይሆን በቃልም ይጻፍ። ደንበኛ ያላነበበውን ዋጋ አይከፍልም።