በላስቲክ ቤት የሚለማ ቲማቲም ፍሬ አሳሳስ

በተለምዶ ግሪንሃውስ በሚባለው የላስቲክ ቤት ቲማቲም የሚያለማን ገበሬ ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደው ሥራ ያፈራውን ፍሬ በገዛ እጁ ቀንጥሶ መጣል ነው። ችግኝ አፍልቶ፣ ውሃና ማዳበሪያ ሰጥቶ ያገኘው በመሆኑ ቢሳሳለት አያስደንቅም። ሆኖም አንድ ተክል ሊመግበው የሚችለው የፍሬ ብዛት የተወሰነ ነው።

ፍሬ የሚሞላው ቅጠል በፀሐይ ብርሃን በሚያዘጋጀው ስኳር ነው። በአንድ ዘለላ ላይ ስምንት ወይም አሥር ፍሬ ሲቋጥር ይህን ምግብ ይሻማል። ከግንዱ አጠገብ ያሉት ቀድመው ያድጋሉ፤ ጫፍ ላይ ያሉት ኮስሰው ይቀራሉ። ጉዳቱ በዚያው ዘለላ አያበቃም። የታችኛው ዘለላ ከመጠን በላይ ሲሸከም ከበላዩ የሚወጡት አበቦች ሳይቋጥሩ ይረግፋሉ፤ የተክሉም ጫፍ ይቀጥናል። ስለዚህ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዘለላዎች በወቅቱ ማሳሳት ነው።

ሥራው የሚጀመረው ፍሬው አተር ወይም ሽምብራ ሲያክል ነው። እንቁላል አክሎ ቢቆረጥ ተክሉ ምግቡን አባክኗልና ጥቅሙ ያንሳል። በመጀመሪያ የተጣመመው፣ በተባይ የተበላውና ሁለት ሆኖ የተጣበቀው ይነሳል፤ ቀጥሎ የዘለላው ጫፍ ይቀነጠሳል። ፍሬው ትልቅ በሆነ ዝርያ በየዘለላው ከ3 እስከ 4፣ መካከለኛ በሆነው ከ4 እስከ 5 ፍሬ ማስቀረት በቂ ነው። በክረምት ደመና ሲበዛ አንድ ቢቀነስ ይመረጣል። ፍሬያቸው እንደ ወይን ጥቃቅን ለሆኑና እንደ ሮማ ላሉ አጫጭር ዝርያዎች ይህ ሥራ አያስፈልግም።

ዘለላው በአንድ እጅ ተደግፎ ፍሬው ከአንጓው ላይ ወደ ጎን ቢሰበር በቀላሉ ይለቃል። ከሥራ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። ሲጋራ የነካ እጅማ ሳይታጠብ ጭራሽ ተክሉን መንካት የለበትም፤ የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ በዚህ መንገድ ይተላለፋልና።

አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ማሳሳት የምርቱን ጠቅላላ ክብደት የግድ አይጨምርም፤ የሚጨምረው የእያንዳንዱን ፍሬ መጠንና መመሳሰል ነው። ገዢው መርጦ ትልቁን በተሻለ ዋጋ የሚወስድ ከሆነ ድካሙ ይካሳል። ምርቱ ሳይለይ በሳጥን የሚሸጥ ከሆነ ግን ገበሬው ጊዜውን የጎን ቀንበጥ በማንሳት ቢያውለው ይሻላል። የሚጠራጠር ካለ የአንዱን መደብ ግማሽ አሳስቶ፣ ግማሹን ትቶ፣ የሁለቱን ክብደትና ሽያጭ ለየብቻ ይመዝግብ።