ቀለሙ የማንን ሁኔታ ይናገራል?

እ.ኤ.አ. በ1982 ማብቂያ ላይ፣ ሬሆቮት በሚገኘው የቫይዝማን የሳይንስ ተቋም የሚሠሩት የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ዴቪድ ሃሬል የእስራኤል አውሮፕላን ኢንዱስትሪ መሐንዲሶችን በሳምንት አንድ ቀን ማማከር ጀመሩ። መሐንዲሶቹ «ላቪ» የተባለ ተዋጊ ጄት እየነደፉ ነበር። ስለ ራዳሩና ስለ በረራ መቆጣጠሪያው ጠንቅቀው ያውቃሉ። ሆኖም ሃሬል፣ አብራሪው በእንዲህ ያለ ሁኔታ ላይ ሳለ ይህን ቁልፍ ቢጫን ምን ይከተላል ብለው ሲጠይቁ፣ ቁርጥ ያለ መልስ ማግኘት ከባድ ሆነ። የሥርዓቱ ባህርይ በወፋፍራም ጥራዞች ውስጥ ተበታትኖ ተቀምጦ ነበር።

ሃሬል ነገሩን በሥዕል ማስቀመጥ ያዙ፤ በ1983 «ስቴትቻርት» የተባለው የንድፍ ቋንቋ ተወለደ። እያንዳንዱ ሁኔታ ማዕዘኖቹ ክብ የሆኑ ሳጥን ነው፤ ከሁኔታ ወደ ሁኔታ የሚወስደው ክስተት ቀስት ነው። ሁኔታዎችን በቀስት ማገናኘት ከዚያ በፊትም ነበረ። አዲሱ ነገር ሳጥን በሳጥን ውስጥ መግባቱና ጎን ለጎን የሚሠሩ ክፍሎች በተቆራረጠ መስመር ተለይተው በአንድ ሳጥን መኖራቸው ነው። ጥቅሙ በቁጥር ይታያል፦ እያንዳንዳቸው 10 ሁኔታ ያላቸው ሦስት ራሳቸውን የቻሉ ክፍሎች ቢኖሩ፣ በድሮው አሣሣል 1,000 ሳጥን ያስፈልጋል፤ በስቴትቻርት 30 ይበቃል። ሃሬል በ1987 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንን ያስረዱት በእጃቸው ባሰሩት ሲቲዝን ዲጂታል ሰዓት ነው።

በዚያው ዘመን አንድ የአየር ኃይል አብራሪ ሰሌዳው ላይ የተሣለውን ስቴትቻርት አየ። ስለ አሣሣሉ የተነገረው ጥቂት ነበር፤ ቢሆንም ትንሽ ተመልክቶ አንዱ ቀስት ቦታውን ስቷል አለ። የላቪ ፕሮጀክት በ1987 በመንግሥት ውሳኔ ተቋረጠ፤ ሥዕሉ ግን ዓለም አቀፉ የሶፍትዌር ሞዴል ቋንቋ ዩኤምኤል ውስጥ ገብቶ ዛሬም ይሠራበታል።

ቀለም ወደ ጉዳዩ የገባው ሥዕሉ ራሱ መሥራት ሲጀምር ነው። በ1986 «ስቴትሜት»፣ በ1996 ደግሞ «ራፕሶዲ» የተባሉት መሣሪያዎች ንድፉን በኮምፒውተር ላይ ያስኬዱታል። በዚያች ቅጽበት ሥርዓቱ ያለበት ሳጥን በቀለም ደምቆ ይታያል፤ ክስተት ሲመጣ ድምቀቱ ቀስቱን ተከትሎ ወደ ሌላው ሳጥን ይሻገራል። ቡና የምትቆላ ሴት ሰዓት አትመለከትም፤ ፍሬው አረንጓዴነቱን ጥሎ ቢጫ፣ ከዚያም ቡናማ ሲሆን የደረሰበትን ደረጃ ቀለሙ ይነግራታል። የስቴትቻርቱ ቀለምም እንዲሁ ከሁኔታው ጋር አብሮ የሚለወጥ ነው፣ ማንም በእጁ አይቀባውም። የዓይናችን አሠራርም ያግዛል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ አን ትሬስማን በ1980 እንዳብራሩት፣ በብዙ ነገሮች መካከል በቀለም ብቻ የተለየ አንድ ነገር፣ ነገሮቹ ቢበዙም ሳይፈለግ ዓይን ውስጥ ይገባል።

በ1998 ሃሬል ከጀርመናዊው ቨርነር ዳም ጋር ሆነው የክፍሎችን የመልእክት ልውውጥ የሚያሳይ ሌላ ቋንቋ አቀረቡ፤ «ላይቭ ሲኩዌንስ ቻርት» ይባላል። እዚህ ቀለሙ የግዴታን ደረጃ ይናገራል። «ትኩስ» የሆነው የግድ መፈጸም አለበት፤ ካልተፈጸመ ሥርዓቱ ስህተት ሠርቷል። «ቀዝቃዛ» የሆነው ቢፈጸምም ባይፈጸምም ጥፋት የለም። ትኩሱ ቀይ፣ ቀዝቃዛው ሰማያዊ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝ ግን ቀዩ መስመር ሙሉ፣ ሰማያዊው ደግሞ የተቆራረጠ መሆኑ ነው። ከአውሮፓውያን ዝርያ ወንዶች 8 በመቶ ያህሉ ቀለም የመለየት ችግር አለባቸው፤ አብዛኞቹ የሚቸገሩት ደግሞ ቀይና አረንጓዴ ላይ ነው። ቀለሙ ያመለጠው ሰው መስመሩን ያነብባል። ዳንኤል ሙዲ በ2009 ባወጡት ሰፊ ጥናትም፣ ቀለም ኃይለኛ መሣሪያ ሆኖ ሳለ የሶፍትዌር መሐንዲሶች እምብዛም እንዳልተጠቀሙበት፣ ብቻውን ግን ትርጉም መሸከም እንደሌለበት ጽፈዋል።

እውነተኛው አደጋ ሌላ ቦታ ነው። ዛሬ ብዙ የሞዴል መሣሪያዎች የሳጥኑን ቀለም እንደ ሥራው ደረጃ እንድንመድብ ይፈቅዳሉ፦ የታቀደ፣ የጸደቀ፣ የተሠራ፣ የተፈተሸ። ይህ ስለ ሠራተኞቹ የሚናገር ቀለም ነው፤ የሃሬል ግን ስለሚሠራው ማሽን ይናገራል። ፒተር ኮድና ባልደረቦቹ በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ ሮዝ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የነገሩን ዓይነት ይለያሉ እንጂ ደረጃውን አያሳዩም። ሦስቱ በአንድ ገጽ ከተቀላቀሉ ቢጫው ሳጥን «አሁን እየሠራ ነው» ይሁን «ገና አልጸደቀም» ወይስ «የሰው ሚና ነው» የሚለየው አይኖርም። እንዲህ ከሚሆን ጥቁርና ነጭ ሥዕል ይሻላል፤ ቢያንስ አያሳስትም።

በሬሆቮት ቂርያት ሞሼ ሰፈርም ሆነ በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ሶፍትዌር የምትማሩ ወጣቶች ሆይ፣ ሳጥን ከመቀባታችሁ በፊት ቀለሙ ስለ ማን ሁኔታ እንደሚናገር ወስኑ፤ በአንድ ገጽ አንድ ትርጉም ብቻ ስጡት፤ መፍቻውንም ጥግ ላይ ጻፉ። ቀለሙ በእጅ ሳይሆን በሞዴሉ ውስጥ ከተመዘገበው ደረጃ በቀጥታ ይምጣ፤ በእጅ የተቀባ ሥራው ሲቀየር እንደነበረ ይቀራል። ከዚያም ሥዕሉን ያለ ቀለም አትሙትና ለባልደረባችሁ ስጡት። ማንበብ ካቃተው፣ ንድፉ ገና አላለቀም።