ተጨማሪ መረጃ፦ ግላድስቶንና የሦስተኛው ማዕርግ መንገደኛ

በእንግሊዝ አገር ምድር ባቡር በተስፋፋበት ዘመን፣ የሦስተኛ ማዕርግ መንገደኛ ብዙ ጊዜ ክዳን በሌለው ሠረገላ እንደ ዕቃ ተጭኖ፣ ዝናቡንም ብርዱንም ታግሦ ይጓዝ ስለ ነበር፣ ኋላ አራት ጊዜ ለጠቅላይ ሚኒስትርነት የበቁት የሕዝብ እንደራሴ ዊልያም ግላድስቶን፣ የንግድ ቦርድ ፕሬዚዳንት ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1844 የባቡር ሕግ ረቂቅ ለምክር ቤቱ አቀረቡ። ረቂቁ ለመንግሥት ሰፊ ሥልጣን የሚሰጥ በመሆኑ፣ በሸንጎው ውስጥ ብዙ ወዳጅ የነበሯቸው ኩባንያዎች በብርቱ ስለ ተቃወሙት፣ ግላድስቶን ይህን ክፍል አላልተው ለድኻው የሚበጀውን አጸደቁ፤ ብልህ ስምምነት ነበር ማለት ይቻላል። ሕጉ፣ አዲስ ፈቃድ የሚያገኙት ኩባንያዎች በየቀኑ ቢያንስ አንድ ባቡር በየጣቢያው እያቆሙ፣ በሰዓት ከ12 ማይል ባላነሰ ፍጥነት፣ መቀመጫና ክዳን ባለው ሠረገላ፣ ለአንድ ማይል ከአንድ ፔኒ ባልበለጠ ዋጋ እንዲያጓጉዙ ደነገገ። (አንዳንዶቹ ግን ባቡሩን ማንም በማይመኘው ሰዓት ያስነሡት ነበር።) መንግሥት አዳዲሶቹን ሐዲዶች ከ21 ዓመት በኋላ እንዲገዛ የፈቀደው አንቀጽ ሳይሠራበት ቀርቶ፣ የብሪታንያ ምድር ባቡር የመንግሥት ንብረት የሆነው በሌላ ሕግ፣ በ1948 ነው።