በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳና አድልዎ፤ የአሠሪው የሕግ ኃላፊነት

በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳ በሁለት ሰዎች መካከል የሚቀር የግል ጉዳይ ተደርጎ ሲታይ ይስተዋላል። ሕጉ ግን እንዲህ አይመለከተውም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳ ማለት አንድን ሰው ያለፈቃዱ ለወሲባዊ ተግባር እንዲስማማ በቃል፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ መገፋፋት መሆኑን ይደነግጋል። ኃይል ወይም የኃይል ሙከራ ከታከለበት ድርጊቱ ወሲባዊ ጥቃት ይሆናል።

በአዋጁ አንቀጽ 14 መሠረት አሠሪውም ሆነ የሥራ መሪው እነዚህን ድርጊቶች እንዳይፈጽሙ ተከልክለዋል። በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳት ወይም በኤች አይ ቪ ምክንያት በሠራተኞች መካከል አድልዎ መፈጸምም ሕገ ወጥ ነው።

ድርጊቱን የፈጸመው የሥራ መሪ ቢሆንም ውጤቱ አሠሪውን ይመለከታል። ትንኮሳ የደረሰባት ሠራተኛ በአንቀጽ 32 መሠረት ያለማስጠንቀቂያ የሥራ ውሏን ማቋረጥ ትችላለች። ከሥራ ስንብት ክፍያ በተጨማሪም የቀን ደመወዟ በ90 ተባዝቶ ካሳ ይከፈላታል። ይሁንና ይህ መብት በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ቀሪ ይሆናል። በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብም ከሥራ ለመሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆን አንቀጽ 26 ያመለክታል።

አዋጁ በሲቪል ሰርቪስ ሕግ የሚተዳደሩ የመንግሥት ሠራተኞችን አይመለከትም። በመንግሥት የልማት ድርጅቶች ላይ ግን እንደ ግል ድርጅቶች ሁሉ ተፈጻሚ ነው። በመሆኑም የድርጅት ኃላፊዎች “ጉዳዩ በሽምግልና ይታይ” በሚል አቤቱታን ማሳደር የተበዳይዋን 15 ቀናት የሚያባክን መሆኑን ሊገነዘቡ ይገባል።