ተጨማሪ መረጃ፦ ትርፍ የማያከፋፍል ማኅበር በምን ይቆማል?

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። በየዓመቱ ጥር 23 አርበኞችንና ፈረሶቻቸውን ለመዘከር ከአዘናና ከሌሎች የአዊ አካባቢዎች ፈረሰኞች ወደ እንጅባራ ይተማሉ። የበዓሉ ወጪ ሁሉ በማኅበሩ የሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም። ፈረሱን የሚቀልበው፣ ኮርቻውንና ልጓሙን የሚያሟላው ባለቤቱ ነው። ይህ በዓይነት የሚሰጥ መዋጮ ነው፤ ማኅበሩን ለአሥርተ ዓመታት ካቆዩት ምሰሶዎች አንዱም ይኸው ነው።

ለትርፍ ያልተቋቋመ ማለት ገቢ የለውም ማለት አይደለም። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የተመዘገበ ድርጅት ገቢ በሚያስገኝ ሥራ መሰማራት ይችላል፤ ትርፉን ግን ለዓላማው ያውለዋል እንጂ ለአባላት አያከፋፍልም። የአስተዳደር ወጪውም ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። እድርና እቁብ በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም።

እናስላ፦ የአንድ ማኅበር 300 አባላት እያንዳንዳቸው በወር 20 ብር ቢያዋጡ የዓመቱ ገቢ 72,000 ብር ይሆናል። መዋጮው ሳይሻሻል የዕቃ ዋጋ በእጥፍ ቢጨምር፣ ያው 72,000 ብር የሚገዛው ቀድሞ 36,000 ብር ይገዛ የነበረውን ብቻ ነው። ካዝናው ሳይጎድል አቅሙ በግማሽ ወረደ ማለት ነው። ስለዚህ ጠንካራ ማኅበር መዋጮውን በየጊዜው ይከልሳል፤ ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ይይዛል፤ ሒሳቡንም ለጠቅላላ ጉባኤ በግልጽ ያቀርባል።

ተወያዩ፦ በአካባቢያችሁ ያለ አንድ እድር መዋጮውን ለመጨረሻ ጊዜ ያሻሻለው መቼ ነው? ለምን?